የአጃ ኩኪስ ስኳሩ ሲቀነስ፦ ምን ይጎድላል? በምን ይተካል?

ከጥቂት ወራት በፊት አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ካፌ ገብቼ መስታወቱ ውስጥ የተደረደረ ኩኪስ አየሁ። ከፊቱ «ስኳር የሌለው የአጃ ኩኪስ» የሚል በእጅ የተጻፈ ወረቀት ቆሟል። ለአባባ ልገዛላቸው አሰብኩ። አባባ የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ከተነገራቸው ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከሻይ ጋር የሆነ ነገር መቆርጠም ደግሞ የዕድሜ ልክ ልማዳቸው ነው።

አስተናጋጇን «በምን ጣፍጦ ነው?» አልኳት። «በማር ነው፤ ንጹሕ ማር!» አለችኝ ደስ ብሏት።

ልጅቷ አልዋሸችኝም። እንደዚያ ብለው ነው የነገሯት። ብዙዎቻችንም እንደዚያ ነው የምናስበው፤ ማር መድኃኒት ነው፣ ስኳር ደግሞ በሽታ። ሳልገዛ ወጣሁ። የዚያኑ ዕለት ቅዳሜና እሁድን ቤት ውስጥ ራሴ ልሞክረው ወሰንኩ። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

«ስኳር የሌለው» ሲባል ምን ማለት ነው?

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። ስኳር ሲባል ሐሳባችን የሚሄደው ከሸማቾች ሱቅ ተሰልፈን ወደምንገዛው ነጭ ነገር ነው። ሰውነታችን ግን እንደዚያ አይለይም። ከ100 ግራም ማር ውስጥ 80 ግራም ያህሉ ስኳር ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው። ቡናማው ስኳርም ቢሆን ነጩ ስኳር ላይ ትንሽ ሞላሰስ ያለበት ነው እንጂ ሌላ ዘር አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት «ነፃ ስኳር» የሚለው ነገር አለ። ነፃ ስኳር ማለት ምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመር ማንኛውም ስኳር፣ እንዲሁም ማር፣ ሽሮፕና የፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ ያለው ስኳር ነው። ብርቱካኑን እንዳለ ስትበሉ የሚገባው ስኳር ግን እዚህ ውስጥ አይቆጠርም፤ ከነሥጋው፣ ከነአሰሩ (ከነፋይበሩ) ስለሚገባ ሆድ ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚለቀቀው።

ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ነፃ ስኳር በቀን ከምናገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 5 በመቶው 25 ግራም ነው። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ስለሚመዝን፣ 25 ግራም ማለት ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ለሙሉ ቀን። ሻዩንም፣ ማኪያቶውንም፣ ለስላሳውንም ጨምሮ።

አሁን የድሮ የአሠራር ደብተሬን ልክፈትላችሁ። ለ20 ኩኪስ 200 ግራም ስኳር ይላል። አንዱ ኩኪስ 10 ግራም ማለት ነው። ሦስቱን ከበላችሁ 30 ግራም። የቀኑ ኮታ ገና መክሰስ ላይ አለቀ።

ታዲያ ስኳሩን ዝም ብዬ ብቀንሰውስ?

እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። 200 ግራሙን ወደ 40 አወረድኩት፤ ሌላውን ምንም አልነካሁም። ከኦቨን የወጣው ነገር ሊጡን እንዳስቀመጥኩት ድብልብል እንዳለ ነበር። ቀለሙ ገርጥቷል። በማግስቱ አባባ አንዱን ሻይ ውስጥ ነክረው ትንሽ ጠበቁ። አውጥተው አዩት። መልሰው ነከሩት። ምንም አላሉም፤ ሲቆረጥሙት ግን ድምፁ እስከ በረንዳው ይሰማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድግስ ቤት ውስጥ ሁሌም አንዲት ሴት አለች። ሽንኩርት ትከትፋለች፣ እንግዳ ትቀበላለች፣ ድስት ታማስላለች፣ ልጅ ታባብላለች። ለድግሱ የተጠራችው ለወጡ ነው፤ የቀረች ቀን ግን ሌላውም ሥራ ሁሉ ይቆማል። ስኳር ኩኪስ ውስጥ እንደዚያች ሴት ነው። የምናውቀው በማጣፈጡ ነው፤ ሥራው ግን ብዙ ነው።

አንደኛው ሥራው ውሃ መያዝ ነው። ስኳር እርጥበት ይወዳል፤ ክዳኑ በደንብ ያልተገጠመ ስኳር በክረምት እንዴት እንደሚጋገር አይታችኋል። ኩኪስ ውስጥም ውሃውን አቅፎ ይይዛል። ስለዚህ ኩኪሱ በማግስቱም ለስላሳ ነው። እሱ ሲጎድል ውሃው ቶሎ ይተንና ኩኪሱ ይደርቃል።

ሌላው ሥራው ማንጠፍ ነው። ሊጡ ሲሞቅ ስኳሩ ይሟሟና እንደ ሽሮፕ ይፈሳል፤ ኩኪሱም አብሮ ይዘረጋል። የኔ ኩኪስ ድብልብል ብሎ የቀረው ለዚህ ነው። ስንዴ ውስጥ ያለው ሊጥ የሚያለጥጥ ፕሮቲን፣ ግሉተን የሚባለው፣ እንዳይጠነክር የሚከለክለውም ስኳሩ ነው፤ ውሃውን ስለሚሻማው። ስኳሩ ሲቀንስ ሊጡ ወደ ዳቦነት ይሄዳል።

ቀለሙና መዓዛውም የሱ ነው። እሳት ላይ ስኳርና ፕሮቲን ሲገናኙ ያ ወርቃማ ቡናማ ቀለም ይመጣል። የሚቆላ ቡና ሲሸታችሁ፣ የዳቦ ቅርፊት ሲሸታችሁ፣ የምታሸቱት ይህንኑ ዓይነት ለውጥ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ስኳሩን በምን ልተካው?» አይደለም። የሚሻለው «የትኛውን ሥራውን ለማን ልስጥ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ሥራውን ለማን እንስጥ?

እርጥበቱን ለበሰለ ሙዝ። ቆዳው ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ፣ ባለሱቁ በቅናሽ የሚሰጣችሁ ዓይነት ሙዝ ነው የሚፈለገው። ሙዝ ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ስለዚህ ያልበሰለ ሙዝ አያጣፍጥም። የሙዝ ስኳር ከፊሉ ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሚባሉ ቀላል የስኳር ዓይነቶች ስለሆነ ከነጭ ስኳር ይልቅ ቶሎ ይቀላል፤ የቀለሙንም ችግር በከፊል ይፈታል።

ማንጠፉን ለእጃችሁ ስጡት። ሊጡን ትሪው ላይ ካስቀመጣችሁ በኋላ በእርጥብ ማንኪያ ጀርባ ተጫኑት። በምትፈልጉት ውፍረት አስተካክሉት፤ እንዳደረጋችሁት ነው የሚወጣው። ግሉተኑን ለመቀነስ ደግሞ የስንዴውን ዱቄት ማሳነስ፣ ካስገቡት በኋላም አብዝቶ አለማሸት ነው።

ጣዕሙ ላይ ግን ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ጣፋጭነትን የምንሰማው በምላስ ብቻ አይደለም፤ አፍንጫም ይሠራል። ቀረፋ ራሱ ስኳር አይደለም። ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ከጣፋጭ ነገር ጋር ስለምናሸተው፣ ቀረፋ ያለበት ነገር የጣፈጠ ይመስለናል። ኮረሪማም በትንሹ ሲገባ እንደዚያው ነው። የብርቱካን ልጣጭ ተፍቆ ሲጨመር ሌላ ሕይወት ይሰጠዋል። ቁንጥር ጨው መራራውን ሸፍኖ ጣፋጩን ያወጣል፤ አትርሱት።

ከሁሉ በላይ ግን አጃውን አምሱት። ደረቅ መጥበሻ፣ መካከለኛ እሳት፣ እያማሰሉ አምስት ደቂቃ ያህል። መጀመሪያ ምንም አይሸትም። ከዚያ ድንገት ቤቱ ሁሉ ቆሎ ቆሎ ይሸታል። እዚያው ላይ አውርዱት፤ አንድ ደቂቃ ካሳለፋችሁት ይመራል። እኔ ይህንን ካወቅሁ በኋላ ያልታመሰ አጃ አስገብቼ አላውቅም።

ተምርና ሙዝስ ያው ስኳር አይደሉም ወይ?

ናቸው። ይህንን ሳልሸፋፍን መናገር አለብኝ፤ ካፌው ውስጥ የከፋኝም ነገር ይኸው ስለሆነ።

ተምር ከክብደቱ ሦስት አምስተኛ በላይ ስኳር ነው። ሙዝ ከ100 ግራም 12 ግራም ያህል አለው። ጥቅማቸው ከስኳሩ ጋር አሰር፣ ፖታሲየምና ሌላም ነገር ይዘው መምጣታቸው ነው። ነገር ግን ተምሩን ዘፍዝፋችሁ ከፈጫችሁት፣ ያ ቀስ ብሎ የመለቀቅ ጥቅሙ በከፊል ይጠፋል። የተፈጨ ተምር ከሙሉው ተምር ይልቅ ወደ ስኳር ይጠጋል።

ከታች ያለውን አሠራር እኔ ቁጭ ብዬ ደምሬዋለሁ። የተጨመረው ስኳር በአንድ ኩኪስ 2 ግራም ነው፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ። የተምሩና የሙዙ ሲደመር ጠቅላላው ወደ 5 ግራም ይሆናል። ከድሮው ደብተሬ ግማሽ ነው። ጥሩ ቅናሽ ነው። «ስኳር የሌለው» ግን አይደለም፤ ወረቀት ላይ ብጽፈው «ስኳሩ የተቀነሰ» ነው የምለው።

ሱፐርማርኬት በጠርሙስና በፓኬት ስለሚሸጡት ሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎችም ሰዎች ይጠይቁኛል። ያጣፍጣሉ፤ ግን እርጥበት አይዙም፣ አያነጥፉም፣ አያቀሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለክብደት መቆጣጠሪያ ተብለው እንዳይወሰዱ መክሯል፤ ምክሩ የስኳር ሕመም ላለባቸው ሰዎች የተሰጠ አይደለም፣ እነሱ ሐኪማቸውን ቢጠይቁ ይሻላል። እኔ አልጠቀማቸውም፤ ምላሴ ጣፋጭ መልመዱን እንዲተው እንጂ ሌላ ጣፋጭ እንዲያገኝ አልፈልግም።

ከሱፐርማርኬቱ ኦትስ ወይስ ከመርካቶው አጃ?

ሁለቱም አጃ ናቸው። ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው። ከውጭ የሚመጣው፣ ኦትስ የምንለው፣ በእንፋሎት ከሞቀ በኋላ በማሽን ተዳምጦ የተጠፈጠፈ ነው። ለዚህ ነው ቶሎ የሚበስለው። እህል በረንዳ ሄዳችሁ የምታገኙት የአገራችን አጃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተከክቶ ለቂንጬ፣ ወይም ተፈጭቶ ለአጥሚትና ለሾርባ ነው የሚዘጋጀው።

የተከካውን አጃ እንዳለ ኩኪስ ውስጥ ብታስገቡት ጥርስ ይሰብራል። ኦቨን ውስጥ በ15 ደቂቃ አይበስልም። እኔ የማደርገው ይህ ነው፦ አምሼ፣ በሙቅ ውሃ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፌ፣ በወንፊት በደንብ አጠልለዋለሁ። ከኦትሱ ግማሽ ያህሉን በዚህ ስተካው ኩኪሱ የሚያኝኩት ነገር ይኖረዋል፤ ለኪስም ይቀላል። ሁሉንም በሱ ለማድረግ ሞክሬ አልያዝልኝም፤ ይበታተናል።

ትንንሽ ፓኬት ውስጥ የሚመጣውን ቀድሞ የጣፈጠ፣ የፍራፍሬ ጣዕም ያለውን ፈጣን ኦትስ ግን አትግዙ። ጀርባውን አንብቡ፤ ስኳሩ እዚያው አለ።

አጃው ራሱ ምን ይጠቅማል?

አጥሚት ሲቀዘቅዝ ዝልግልግ የሚለውን ነገር ታውቁታላችሁ? ለአራስ የምናፈላው፣ ከድስቱ ጠርዝ ላይ እንደ ሙጫ የሚይዘው። ያ ዝልግልግ ቤታ ግሉካን ይባላል፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የአሰር ዓይነት ነው።

አንጀት ውስጥ ገብቶ እንደ ተዘፈዘፈ ተልባ ይወፍራል። ምግቡ በዚያ ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚያልፍ ስኳሩ ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ አይፈስስም። ሐሞትንም አጣብቆ ይዞ ይወጣል። ጉበት የጎደለውን ሐሞት ለመሥራት ደግሞ ኮሌስትሮል ያስፈልገዋል፤ ከደም ውስጥ ይስባል። «አጃ ኮሌስትሮል ይቀንሳል» ሲባል መንገዱ ይኸው ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1997 ይህንን ጥቅም በአጃ ምርቶች ላይ መጻፍ ፈቅዷል። የሚጠቀሰው መጠን በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ነው።

3 ግራም ለማግኘት 75 ግራም ያህል ደረቅ አጃ ይፈልጋል። በዚህ አሠራር አንድ ኩኪስ ውስጥ ያለው 10 ግራም አጃ ነው። ሰባት ስምንት ኩኪስ መብላት ሊኖርባችሁ ነው! ስለዚህ ለልብ ብላችሁ ከሆነ የጠዋት አጥሚት ወይም ቂንጬ ይሻላል። ኩኪሱ መክሰስ ነው፤ ካልቀረ መክሰስ ደግሞ ይህኛው ይሻላል።

ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት ሠርቼ ለምን ተበላሸብኝ?

ከተማችን ከፍታ ላይ ስላለች ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እዚህ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ነው። ባቄላ ስትቀቅሉ የሚቆይባችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

ኩኪስ ላይ ሁለት ነገር ይከተላል። ቤኪንግ ፓውደር የሚያወጣው ጋዝ የሚገፋው ስለሚያንስ ከልክ በላይ ይነፋና መልሶ ይሰምጣል። ስለዚህ ከተጻፈው ሩብ ያህሉን ቀንሱ። ውሃው ደግሞ ፈጥኖ ይተናል። ውሃው ሲሄድ የቀረው ስኳር ይበዛና ኩኪሱን ያላላዋል፤ ጠርዙ ተዘርግቶ እንደ ዳንቴል ይሳሳል። ለዚህ ነው ከፍታ ላይ የሚጋግሩ ሰዎች ሁሉ ስኳር ቀንሱ፣ ፈሳሽ ጨምሩ የሚሏችሁ። ለጤና ብላችሁ የምትቀንሱት ስኳር ለከፍታውም መቀነስ የነበረበት ነው። ይህንን ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

በጾምስ?

እዚህ ቤት ውስጥ ያለን ነገር ከበቂ በላይ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ አሥር ደቂቃ አቆዩት። ይዝለገለጋል፤ አንድ እንቁላል ይተካል። በቅቤ ፈንታ ዘይት ይገባል። በፍስክ ጊዜም ቢሆን እኔ ዘይቱን ነው የምመርጠው። ቅቤ ካላችሁ ቅመም ያልገባበት ለጋ ቅቤ ይሁን፤ የወጥ ቅቤ ለወጥ ነው።

በሉ እንጋግር

መጀመሪያ 60 ግራም ፍሬው የወጣለት ተምር በጥቂት የፈላ ውሃ ዘፍዝፉ፤ ስምንት ፍሬ ያህል ይሆናል። 200 ግራም ኦትስ አምሳችሁ አቀዝቅዙ። ከ500 ግራም ፓኬት ከግማሽ በታች ማለት ነው። ሚዛን ብትገዙ ጥሩ ነው፤ የየቤቱ ብርጭቆ ልኩ ይለያያል።

ሁለት የበሰለ ሙዝ፣ ሲላጥ 200 ግራም ያህል፣ ከተምሩ ጋር በሹካ ጨፍልቁ። 80 ግራም ዘይት፣ 40 ግራም ስኳር እና አንድ እንቁላል ወይም የተልባውን ብጥብጥ ጨምራችሁ ምቱት። 80 ግራም ዘይት ስድስት የሾርባ ማንኪያ ነው፤ ስኳሩ አሥር ልሙጥ የሻይ ማንኪያ።

በሌላ ሳህን 100 ግራም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ትንሽ የሚበልጥ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ ቀላቅሉ። የስንዴውን ግማሽ በጤፍ ዱቄት ብትተኩም ያምራል። አጃውን፣ ዱቄቱንና 50 ግራም የተወቀጠ ኦቾሎኒ ወደ ሙዙ ገልብጡና ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ አማስሉ።

አሁን አትቸኩሉ። ሊጡን ሸፍናችሁ ለ20 ደቂቃ ተዉት። አጃው ውሃውን ይጠጣል፤ መጀመሪያ እጅ ላይ የሚጣበቀው ሊጥ ይሰበሰባል። ይህንን ደረጃ የዘለልኩ ቀን ኩኪሱ ከውጭ ደርቆ ከውስጥ ጥሬ ሆኖብኛል።

ኦቨኑን 175 ዲግሪ አሙቁ። ሃያ ቦታ አካፍሉና በእርጥብ ማንኪያ ተጫኑት። ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ይበቃዋል። መሐሉን አትመልከቱ፤ ጠርዙን ተመልከቱ። ጠርዙ ቡናማ ሲሆን መሐሉ ገና ለስላሳ ሳለ አውጡት። ትሪው ላይ አሥር ደቂቃ ሲቆይ ራሱ ይጨርሳል። መብራት መሐል ላይ ከጠፋ በሩን አትክፈቱ፤ የቀረው ሙቀት ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያደርሰዋል።

ሙዝ ስላለበት ውጭ ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም። የተረፈውን ሊጥ ድብልብል አድርጎ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይብላው?

ስታርችም ሆድ ውስጥ ወደ ስኳር ነው የሚለወጠው። አጃውም፣ ዱቄቱም። አንድ ኩኪስ ጠቅላላ ካርቦሃይድሬቱ 17 ግራም ገደማ፣ ካሎሪው 130 ያህል ነው። ካርቦሃይድሬቱ ከአንድ ቁራጭ ዳቦ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ እንደ ዳቦ ነው መቆጠር ያለበት፤ በነፃ የሚጨመር ነገር አይደለም። መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስንት እንደሚበላ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። መለኪያ ማሽን ያለው ሰው ከበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለክቶ የራሱን ሰውነት ማየት ይችላል፤ የሁሉም ሰው አንድ አይደለም።

ሻዩም አለ። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ 12 ግራም ነው። ኩኪሱ ላይ በብዙ ድካም የቀነስነው 8 ግራም የተጨመረ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ተመልሶ ይገባል።

አባባ ሻዩን በአንድ ጊዜ አልተዉም። ከሦስት ማንኪያ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ፣ በየሁለት ሳምንቱ ነው የወረድነው። ቀረፋና ቅርንፉድ እያበዛን። አሁን አሥር ሰዓት ሲሆን አንድ ኩኪስ ሳህን ላይ ይቀመጥላቸዋል፤ ሻዩ ያለ ስኳር ነው። ባለፈው እሁድ እህቴ ከፒያሳ የገዛችውን ኩኪስ ይዛ መጣች። አባባ አንድ ጊዜ ቆረጡና መልሰው አስቀመጡት። «ይሄ ምነው እንዲህ በዛበት?» አሉ።